«ምንም ሲስተም አልተገኘም»፦ አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ለማስቀመጥ ስል ያለፍኩበት

«በዚህ ኮምፒውተር ላይ ምንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም» ይላል ስክሪኑ፣ በእንግሊዝኛ። ዊንዶውስ ከፍቼ ከዘጋሁበት ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከጽሑፉ ሥር ያለው የመጀመሪያ ምርጫ ቀድሞ ተመርጦ ይጠብቀኛል፦ ዲስኩን አጥፍቶ ኡቡንቱን፣ ማለትም ልጭነው የፈለግሁትን የሊኑክስ ዓይነት፣ መጫን። እጄ ማውሱ ላይ ነበር።

ጊዜው የካቲት 2015 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ሥር። ላፕቶፑ የእኔ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የፈተና ጥያቄው፣ የተማሪዎቹ ውጤት፣ የዓመታት የትምህርት ዕቅዱ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብን ግን የአባታችን ፎቶ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ከቤት ሸሽተን ስንመለስ አልበማችን አልነበረም። የተረፈልን ወንድሜ ቀደም ብሎ ስካን አድርጎ ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጠው ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም። ይህን እያወቅሁ ነው ዲስክ ልከፋፍል የተቀመጥኩት። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፈለግሁት ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ስለነበር ነው። ወንድሜ ደግሞ ለለመደው የአማርኛ መጻፊያና ለኤክሴል ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። ሌላ ላፕቶፕ ለመግዛት አቅም የለንም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ማለትም ዱዋል ቡት ማድረግ ጥሩ መፍትሔ መሰለኝ። ነውም። ኡቡንቱ 22.04ን በሌሊት ጥቅል አወረድኩ። ከ3 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ኮምፒውተር እንዲያስነሳ አድርጌ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

ችግሩ የተፈጠረው ፍላሹን ከመሰካቴ በፊት፣ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ላፕቶፓችን አሮጌ ነው። ስላሽ የተገዛ፣ መጀመሪያ ዊንዶውስ 7 የነበረው፣ በኋላ ወደ 10 ያደገ። ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። እንዲህ ያሉ ዲስኮች የሚከፋፈሉት ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አሠራር ነው። ከ1983 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ትንሽ ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ ያለው አራት መስመር ብቻ ነው። አንዱ መስመር የአንድ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስኩን አንድ ክፍል፣ መነሻና ስፋት ይይዛል። አምስተኛ ፓርቲሽን ከፈለጋችሁ ከአራቱ መስመሮች አንዱን «ኤክስቴንድድ» አድርጋችሁ በውስጡ ሌሎች «ሎጂካል» ፓርቲሽኖችን መክፈት አለባችሁ። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ጂፒቲ የሚባለው አሠራር ግን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ዊንዶውስ ላይ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል።

የእኛ ዲስክ አራቱም መስመር ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሞልቶ ነበር። አንዱ ዊንዶውስ የሚነሳበት ትንሽ ክፍል፣ አንዱ ዊንዶውሱና ፋይሎቻችን ያሉበት ሲ፣ አንዱ ዊንዶውስ ሲበላሽ መመለሻ የሚሆነው ሪከቨሪ፣ አንዱ ደግሞ የአምራቹ መመርመሪያ መሣሪያዎች የተቀመጡበት 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ክፍል። እኔ ሲን ብቻ ነበር የማውቀው። ሌሎቹን ቆጥሬያቸው አላውቅም።

ከዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ገባሁና ሲን በ«ሽሪንክ» አሳንሼ 80 ጊጋባይት አስለቀቅሁ። ከላዩ ጥቁር መስመር ያለበት ባዶ ቦታ ታየኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሊኑክስ የሚፈልገው ያንኑ ባዶ ቦታ ነው፤ ፓርቲሽኑን ራሱ ይሠራዋል። እኔ ግን ቦታውን አዘጋጅቼ ልጠብቀው ብዬ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» አልኩ፤ ቮልዩም ማለት ፋይል የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል ነው። አራቱ መስመር ስለሞላ ማስጠንቀቂያ መጣ። ዲስኩ ከተራው አሠራር፣ ከ«ቤዚክ»፣ የዊንዶውስ ብቻ ወደሆነው አሠራር፣ ወደ «ዳይናሚክ»፣ እንደሚቀየር፣ አሁን ከምጠቀምበት ዊንዶውስ በቀር ሌላ ሲስተም ከዚህ ዲስክ ማስነሳት እንደማልችል ይናገራል። እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል። ሳላነብ «የስ» አልኩት። ኮምፒውተር በቀን አሥር ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ ስለሚል የዚህ ቀኑን ከሌላው አልለየሁትም።

ወዲያው ቀለሞቹ ተቀየሩ። ሰማያዊ የነበሩት መስመሮች ወደ ወይራ ቀለም ሄዱ። አየሁት። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። እናንተ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ይህን ቀለም ካያችሁ ሊኑክስ ለመጫን አትቸኩሉ። መጀመሪያ መፈታት ያለበት ጉዳይ አለ።

ከዚያ ፍላሹን ሰክቼ አስነሳሁ። ቋንቋ መረጥኩ፣ ኪቦርድ መረጥኩ፣ ቀጥል፣ ቀጥል አልኩ። መግቢያው ላይ የነገርኳችሁ ጽሑፍ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ደነገጥኩ። ዲስኩን ከማጥፋቱ ይልቅ በእጅ ማስተካከያውን፣ «ሰምቲንግ ኤልስ» የሚለውን ከፈትኩ። ዲስኩ አለ፣ 500 ጊጋባይት ይላል። ውስጡ ግን የማውቀው ነገር የለም። ሲ የት እንዳለ፣ 80 ጊጋባይቴ የት እንደገባ አይታይም። ከሥር «ኒው ፓርቲሽን ቴብል» የሚል ቁልፍ አለ። አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ልጅ ይህንን ነበር የተጫነው። የእሱ ዲስክ ባዶ እንደነበር ያሰብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ያ ቁልፍ ማውጫውን ገንጥሎ ባዶ ማውጫ የሚተካ ነው። ባዶ ላልሆነ ዲስክ በፍጹም አይነካም።

ልጫነው ነበር። መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለሆነ ስክሪኑ አብሮ ጠፋ። በሕይወቴ መብራት ሲጠፋ አልሐምዱሊላህ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማዬ ቡና አቅርባ ነበር። «ነይ በሞቴ፣ አቦሉ ሊያልፍሽ ነው» አለችኝ። ተቀመጥኩ እንጂ ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነገርኩት። ሁሉንም። ፎቶዎቹን ሳነሳበት ድምፄ ተቆራረጠ። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «አጥፋ ወይም ጻፍ የሚል ነገር ተጭነሻል?» አልተጫንኩም አልኩት። «እንግዲያውስ አብሽሪ፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ» አለኝ።

መብራት ሲመጣ ፍላሹን ነቅለን አስነሳነው። ዊንዶውስ እንደ ወትሮው ተከፈተ። የአባታችን ፎቶዎች አሉ። ጫኙ፣ ማለትም ኡቡንቱን የሚጭነው ፕሮግራም፣ «የለም» ያለው ሁሉ አለ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ጫኙ ያለው «ጠፍቷል» አይደለም፤ «ማንበብ አልቻልኩም» ነው። ማንበብ ያልቻለበት ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ምንም መጻፍ የለበትም።

ኮምቦልቻ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፣ ኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ። ደወልኩለት። «ዊንዶውሱ ይከፈታል?» አለኝ በመጀመሪያ። ይከፈታል ስለው «የዲስክ ማኔጅመንቱን ፎቶ ላኪልኝ» አለ። ፎቶውን ባየ በደቂቃ ውስጥ መልሶ ደወለ። «ዲስክሽ ዳይናሚክ ሆኗል። ሌላ ነገር እንዳትነኪ። ዛሬ ኮፒ ብቻ አድርጊ።»

ኮፒ ማድረጊያ አልነበረንም። ወንድሜ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ያለውን ጓደኛውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመነው። ሰውየው የሠርግ ቪዲዮ የሚይዝበትን ነው ለሁለት ቀን ያዋሰን። እግዜር ይስጠው። መጀመሪያ የገለበጥነው ፎቶዎቹን ነው፣ ከዚያ የወንድሜን የትምህርት ቤት ፋይል፣ በመጨረሻ የቀረውን። ገልብጠን ስንጨርስ ዲስኩን ነቅለን የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። ከየፎልደሩ የተወሰነ ፋይል እየከፈትን አየን። ይህን እናንተም አድርጉ። ኮፒ ተደርጓል ማለትና ኮፒው ይከፈታል ማለት አንድ አይደለም። ፎቶዎቹን ደግሞ በተጨማሪ ሁለት ፍላሽ ላይ አደረግን። አንዱ ዛሬም እማዬ ሳጥን ውስጥ ነው።

በሁለተኛው ቀን ላፕቶፑን ይዤ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአክስቴ ልጅ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ አለው። ማውጫው በሚጻፍበት ወይም ፓርቲሽን ከቦታ ቦታ በሚዛወርበት ሰዓት መብራት ከሄደ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። በእኛ አካባቢ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ጤነኛ ባትሪ ከሌላችሁ ዩፒኤስ ያለው ሰው ጋ ሂዱ። የትራንስፖርት ብሩ አያሳስባችሁ።

መጀመሪያ ፍላሹን ሰክቶ «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን መረጠ። ይህ ምንም ሳይጫን ኡቡንቱን ከፍላሹ ላይ የሚያሠራ ነው። ተርሚናል ከፍቶ ኤፍዲስክ በሚባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን አወጣ። ይህ ትእዛዝ ዝርዝር ሲያወጣ የሚያነበው ብቻ ስለሆነ አትፍሩት። የእያንዳንዱ ፓርቲሽን ዓይነት በቁጥር ይጻፋል። ጤነኛ የዊንዶውስ ፓርቲሽን ቁጥሩ 7 ነው። የእኛ ሁሉም 42 ይላሉ። 42 የዳይናሚክ ምልክት ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን ዳይናሚክ ሲያደርግ ትክክለኛውን የክፍፍል መረጃ ወደ ዲስኩ መጨረሻ፣ 1 ሜጋባይት ወደምታህል የራሱ መዝገብ ያዛውረዋል። የድሮው ሠንጠረዥ ላይ የሚቀረው ምልክት ብቻ ነው። ጫኙ የሚያየው ሠንጠረዡን ነው። ለካ ያ ሁሉ ድንጋጤ ከዚህ የመጣ ነው።

መመለሱ ግን ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት የሚያውቀው መንገድ በዲስኩ ላይ ያለውን ቮልዩም ሁሉ አጥፍቶ ወደ ቤዚክ መቀየር ነው። ዊንዶውሱ ራሱ ያለበትን ዲስክ እንዲህ ማድረግ ማለት ሁሉንም እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ፋይላችሁ ኮፒ ከተደረገና ዊንዶውስ እንደገና መጫን ካልከበዳችሁ ይህ ንጹሑ መንገድ ነው። እኛ ግን የወንድሜን ሶፍትዌሮች ማጣት ስላልፈለግን ሌላውን ሞከርን። ኮፒው በእጃችን ባይሆን ኖሮ እንደማይሞክረው የአክስቴ ልጅ ደጋግሞ ነግሮኛል።

መጀመሪያ ወደ ዊንዶውስ ተመልሰን ያንን እኔ የፈጠርኩትን ባዶ አምስተኛ ቮልዩም አጠፋነው። ከዚያ ከፍላሹ ተነስተን ቴስትዲስክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትን። ዲስኩን መረጥን፣ የሠንጠረዡን ዓይነት «ኢንቴል» አልነው፤ ኤምቢአርን እዚያ የሚጠሩት እንዲህ ነው። «አናላይዝ»፣ ቀጥሎ «ኩዊክ ሰርች»። አራቱን ፓርቲሽኖች አንድ በአንድ አገኛቸው። የአክስቴ ልጅ ግን ወዲያው አልጻፈም። እያንዳንዱ ላይ እየቆመ የ«ፒ» ቁልፍን ይጫናል፤ የፋይሎቹ ስም ይዘረዘራል። ሲ ላይ የወንድሜን ፎልደር ስም ሳይ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ስሞቹ በትክክል ካልተነበቡ፣ ወይም ሁለት ፓርቲሽኖች ተደራርበው ከታዩ፣ አለመጻፍ ነው። የእኛ ሁሉም ተነበቡ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ የማስነሻ ምልክቱ መኖሩን አየንና «ራይት» አልን።

ይህ የሚሠራው ቮልዩሞቹ ተራ፣ ማለትም «ሲምፕል» ሲሆኑ ነው። አንድ ቮልዩም በሁለት ቦታ ወይም በሁለት ዲስክ ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ይህን መንገድ አትሞክሩት። ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ሪስታርት አደረግነው። ዊንዶውስ ተነሳ። ዲስክ ማኔጅመንት ከፈትን፤ ሰማያዊ።

አሁንም ግን አራቱ መስመሮች ሙሉ ናቸው። 80 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖርም ማውጫው ላይ የሚጻፍበት መስመር የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ጫኙ ባዶውን ቦታ «አንዩዘብል» ብሎ ይጽፍበታል፣ ማለትም መጠቀም አይቻልም። ከአራቱ አንዱ መልቀቅ አለበት። የትኛው? የሚነሳበት ክፍልና ሲ አይነኩም። ሪከቨሪውን ወንድሜ እንዲቀር ፈለገ። የቀረው ያ ትንሹ የመመርመሪያ ክፍል ነው። ይዘቱን ፍላሽ ላይ ገልብጠን አጠፋነው። እስካሁን ፈልገነው አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ጫኙን ስናስነሳ ያ የሚያስፈራው ጽሑፍ ቀረ። በምትኩ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 10 አለ» አለና ከጎኑ ልጫን ወይ ብሎ ጠየቀ። እዚህ ጽሑፍ ላይ የዊንዶውሳችሁን ስም ካላያችሁ አትቀጥሉ። ከዚህ ሁሉ የምለምናችሁ አንድ ነገር ይሄ ነው።

እኛ በእጅ ማስተካከያውን መረጥን። ባዶው ቦታ ላይ ቆመን ሁለት «ሎጂካል» ፓርቲሽን ሠራን፦ 4 ጊጋባይቱን ለስዋፕ (ራም ሲሞላ መተኪያ ለሚሆነው ቦታ)፣ የቀረውን ለሲስተሙ። ሊኑክስ ሎጂካል ፓርቲሽን ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲነሳ የምርጫ ዝርዝር መጣ፣ ከላይ ኡቡንቱ፣ ወረድ ብሎ ዊንዶውስ። ሁለቱንም ገብተን አየን።

ወደ ደሴ ስመለስ ሁለት ትንንሽ ነገር አጋጠመን። አንደኛው ሰዓት ነው። ከኡቡንቱ ወጥቶ ዊንዶውስ የገባ ሰው ሰዓቱን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያገኘዋል። ኡቡንቱ የኮምፒውተሩን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ቤት ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ የኛና የግሪንዊች ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። ኡቡንቱን የአገር ሰዓት እንዲጠቀም በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል። ሁለተኛው የዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ነው። ይህ በርቶ ሲሆን ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ይተኛል እንጂ። ያን ጊዜ ከሊኑክስ ሲ ላይ ያለውን ፋይል ለማስተካከል ብትሞክሩ እንቢ ይላል ወይም ለማንበብ ብቻ ይከፍትላችኋል። ከፓወር ኦፕሽን ውስጥ አጥፉት።

በሰኔ አንዲት ተማሪ መጣችብኝ። አንዴ እንዳለፍኩበት ሰምታ ነው። የእሷ ላፕቶፕ አዲስ ነው፣ አጎቷ ከሳዑዲ ያመጣላት፣ በኤስኤስዲ የሚሠራ። የእሷ ችግር ከእኔ የባሰ ይመስላል፤ ጫኙ ዲስኩን ራሱ አያየውም። ፍላሹ ብቻ ነው ዝርዝሩ ላይ ያለው። ጫኙ «አርኤስቲን አጥፉ» የሚል ገጽም አሳይቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የኢንቴል ላፕቶፖች ዲስኩን በቀጥታ አያሳዩም፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ውስጥ የዲስኩ አሠራር «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ተብሎ የተሞላ ስለሆነ ዲስኩ ከመቆጣጠሪያው ጀርባ ይደበቃል። በአዳዲሶቹ፣ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት፣ ቅንብሩ «ቪኤምዲ» በሚል ስም ሊገኝ ይችላል። ወደ ተለመደው የዲስክ አሠራር፣ ወደ «ኤኤችሲአይ»፣ ሲቀየር ሊኑክስ ዲስኩን ያየዋል። ይህን አንብቤ ስለነበር በቀጥታ ባዮስ ገብቼ ቀየርኩት።

ተሳሳትኩ። ዊንዶውስ ሲነሳ ዲስክ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ የቢትሎከር፣ ሰማያዊ ገጽ መጣና 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ጠየቀ። ልጅቷ ቢትሎከር ምን እንደሆነ ሰምታ አታውቅም። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ማንም ሳያዛቸው ዲስኩን ይቆልፉታል። ፊቷ ሲለዋወጥ የየካቲቱን ራሴን አየሁ። ግን ያን ጊዜ የተማርኩት ነገር ነበረ፤ ምንም ስላልጻፍን ምንም አልጠፋም። ባዮሱን ወደነበረበት መለስኩት። ዊንዶውስ ቁልፍም ሳይጠይቅ ተነሳ። እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ የመጀመሪያው እርምጃ የቀየራችሁትን መመለስ ነው። ፎርማት አይደለም።

ቁልፉ የሚቀመጠው ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት የተሞላው የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ነው። አካውንቱ የአጎቷ ነው። በኢሞ ደወለችለት። ገብቶ አገኘው። እሱ ከዚያ ወዲያ አኃዞቹን ስድስት ስድስት እያደረገ ያነባል፣ እሷ ከዚህ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ መልሳ ታነብለታለች። እናቷ መሃል ላይ ቡና ይዘው ገብተው «ጀባ» ቢሉን ሁለታችንም አልሰማናቸውም። ቁልፉ ደብተር ላይ ከገባ በኋላ ነው የተነፈስነው።

ከዚያ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሄድን። ፋይሏን ኮፒ አደረግን። የዲስኩን ቁልፊያ ከሴቲንግ አጠፋንና እስኪጨርስ ጠበቅን። ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን ማስተካከያ ከፍተን «ሴፍ ቡት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግን። ሪስታርት ብለን ዊንዶውስ ሳይነሳ በቀጥታ ባዮስ ገባንና ወደ ኤኤችሲአይ ቀየርን። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዋና ዋና ነገሮቹን ብቻ ይዞ፣ ተነሳ፤ አዲሱን አሠራር የሚያውቅበትን ድራይቨር የሚባል ሶፍትዌር በዚህ ጊዜ ነው የሚያነሳው። ምልክቱን አጥፍተን እንደገና ሪስታርት አደረግን። ሠራ። ሴፍ ቡቱን ዘላችሁ በቀጥታ ከቀየራችሁት ግን ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ፣ የምነሳበትን ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ሊቆም ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሴፍ ሞድ ላይ በፒን መግባት ላይቻል ይችላል። የአካውንቱን ሙሉ ፓስዎርድ ቀድማችሁ እወቁ። ለዚህ ብለን አጎቷን ሁለተኛ ጊዜ ከእንቅልፉ ቀስቅሰነዋል።

ጫኙ ዲስኩን አየው፣ ዊንዶውሱንም በስሙ ጠራው።

ሳልረሳው ሌላ አንድ ነገር። ዲስኩም ዊንዶውሱም ጤነኛ ሆነው፣ ፍላሹ የተነሳበት መንገድ ከዊንዶውሱ የተለየ ከሆነም ችግር ይመጣል። ዊንዶውስ በአዲሱ የማስነሻ መንገድ፣ በዩኢኤፍአይ፣ የሚነሳ ከሆነ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት። ዊንዶውስ በድሮው፣ «ሌጋሲ» በሚባለው የሚነሳ ከሆነም እንደዚያው። ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ከፍታችሁ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ስትመርጡ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁ አንዱ ዩኢኤፍአይ ነው፣ አንዱ ሌጋሲ ነው። ከዊንዶውሱ ጋር የሚስማማውን ምረጡ።

ሰው ልትጠይቁ ከሆነ «ዲስኬ አልታይ አለ» ብቻ አትበሉ። የዲስክ ማኔጅመንቱን ገጽ ከነቀለሙ አንሱ፣ የባዮስ ሞዱን መስመር አንሱ፣ ጫኙ ያሳያችሁን ገጽ አንሱ። ዊንዶውሱ ይነሳ እንደሆነ ንገሩ። እኔን ያዳነኝ አንድ ፎቶ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ችግሩን ያወቀው ከቀለሙ ነው። የቢትሎከር ቁልፋችሁ ከፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ግን ከመላካችሁ በፊት እዩት።